የኤሌክትሪክ መኪና በክልከላ ብቻ ይስፋፋል?

አወያይ፦ በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ሰው ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞር ይህ ይበቃል?

ባለ ኤሌክትሪክ መኪና፦ እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ። ነዳጁ በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ይመጣል፤ መብራቱን ግን ከራሳችን ወንዝ እናመነጫለን። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ማታ ግቢዬ ሰክቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀኛል። የሞተር ዘይት የለ፣ የማደያ ሰልፍ የለ።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ ግቢ ላለው መልካም ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከቆጣሪዬ ገመድ እስከ ታች ልዘርጋ? ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ኮሚቴው ይህን ቢከለክል እውነቱን ነው። መብራት የጠፋ ዕለትስ?

መካኒክ፦ ስለ ጥገናው ማንም አላነሳም። በግል አስመጪ ከቻይና የገቡ መኪኖች ይመጡልናል፤ ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው፣ መለዋወጫ እስኪመጣ ባለቤቱ ይጠብቃል። ባትሪው ወለሉ ሥር ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ከውጭ ጭረት ብቻ ታያለህ፣ ውስጡን ለማወቅ መመርመሪያ መሣሪያና ሥልጠና ይፈልጋል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ገምቶ የሚነካ ሰው ይሞታል። መንግሥት ቀረጥ ከመቀነስ እኩል ጋራዥ ማሠልጠን ነበረበት።

ደሴ ተመላላሽ፦ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስመለስ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ ዳገት ነው፤ ዳገት ባትሪ ይጨርሳል። መንገድ ላይ የምተማመንበት ቻርጅ ካላገኘሁ አልገዛም።

የሚኒባስ ሾፌር፦ ወንድሞቼ፣ የምታወሩት ሁሉ ስለ ቤት መኪና ነው። እሱ ጠዋት ቢሮ ደርሶ እስከ ማታ ይቆማል። እኔ ከመገናኛ ፒያሳ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ ነው የምውለው፤ አንድ ሚኒባስ ቢቀየር የሚተርፈው ነዳጅ የስንት የቤት መኪና ነው! ለእኛ የባንክ ብድር ይመቻች፣ ተራ በምንጠብቅበት ቦታ ቻርጅ ይተከል። ነገ ጠዋት እቀይራለሁ።

ባለ ኤሌክትሪክ መኪና፦ እዚህ ላይ ሾፌሩ አሳምኖኛል። በ2014 ቫት፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ የሚባሉት ግብሮች ለኤሌክትሪክ መኪና ሲነሡ ቀድመን የተጠቀምነው መኪና የመግዛት አቅም ያለን ነን። የሚቀጥለው ድጋፍ ለታክሲና ለአውቶቡስ ይሁን። ክልከላው ግን አይነሣ።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦ ተስማምቻለሁ፤ ለእኛም በየብሎኩ ማቆሚያ የራሱ ቆጣሪ ያለው ቻርጅ ይግባልን፣ የተጠቀመ ይከፍላል።