ሮቶ በትልቁ ቢቀየር የሻወር ግፊት ይጨምራል?

ጠያቂው
ሰላም ለዚህ ቤት። ቤቱ ጂ+1 ነው። ጣሪያ ላይ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አለ፤ የሮቶው ታች ከላይኛው ፎቅ ሻወር በ2 ሜትር ከፍ ይላል። ምድር ቤት ውሃው ደህና ነው፣ ላይ ግን ከመንጠባጠብ አያልፍም። ቧንቧ ሠራተኛው «በ2000 ቀይረው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱም እጥፍ ይሆናል» አለ። ግፊት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ስለሆነ ስሌቱ ልክ ይመስላል። ልግዛ ወይስ ይቅር?

ፓስካል_77
አትግዛ። ቀመሩ ልክ ነው፤ ሠራተኛው ግን ኃይሉን እጥፍ ሲያደርግ ስፋቱን ረስቶታል። ትልቁ ሮቶ ወገቡም ሰፊ ነው። ለምሳሌ የትንሹ ወለል 0.95 ካሬ ሜትር ቢሆን 9,810 ኒውተን ÷ 0.95 = 10.3 ኪሎ ፓስካል። የትልቁ 1.54 ካሬ ሜትር ቢሆን 19,620 ÷ 1.54 = 12.7። ልዩነቱ 2.4 ብቻ ነው፣ እሱም የ25 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቁመት ነው።

የቆመ ውሃ የሚገፋው በከፍታው እንጂ በብዛቱ አይደለም፤ በ1 ሜትር 9.81 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 0.1 ባር ገደማ። ባለህበት ሮቶው ሲሞላ ሻወሩ ላይ ወደ 30፣ ሊያልቅ ሲል 20 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። በትልቁ 32 እና 20። በዚህ ልዩነት ሻወር አይጠነክርም።

የመስመር_ሰው
ከላይ ባለው ልጨምር። 0.3 ባር ትንሽ ነው፣ ግን ለመንጠባጠብ የሚያበቃ አይደለም። ችግሩ መስመሩ ውስጥ ይመስለኛል።

የሻወሩን ራስ ፍታና ጌጅ (የግፊት መለኪያ) እሰርበት። ከ0 እስከ 1 ባር የሚያነብ ይሁን፤ ባለ 10 ባሩ ላይ ቀስቱ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ተዘግቶ 0.2–0.3 ማሳየት አለበት። ይሄ ቁጥር ብቻውን አያሳምንህ፤ ውሃው እስካልፈሰሰ ድረስ ግማሹ የተደፈነ ቧንቧም ሙሉ ግፊት ያሳያል። አሁን በዚያው መስመር ያለውን የእጅ መታጠቢያ ክፈት። ቀስቱ ወደ 0.05 ከወረደ ግፊቱን እየበላው ያለው ቧንቧው ነው።

መጀመሪያ የሻወሩን ወንፊት አጽዳ፣ ቀጥሎ ከሮቶው ሥር ያለው ጌት ቫልቭ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ። ቧንቧው ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ) ከሆነ ብየዳውን ጠርጥር፤ ከመጠን በላይ ግሎ ወደ ውስጥ ሲገፋ ፕላስቲኩ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም። ዋናው መውረጃ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ25 ቀይረው፤ ለዚያው የውሃ መጠን በመንገድ የሚጠፋው ግፊት ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ሮቶውን በብረት ማማ 2 ሜትር ከፍ ባደርገውስ?

ፓስካል_77
ያ ይሠራል፤ 30 የነበረው ወደ 50 ኪሎ ፓስካል ይገባል። የሚወርደው ውሃ ግን በዚያው ልክ አያድግም። ፍሰት ከግፊት ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ ጭማሪው 30 በመቶ ገደማ ነው። ቧንቧው ሳይስተካከል ማማ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲቪል_አዲስ
ማማ ካልክ እግሩን አስብበት። 1000 ሊትር ውሃ በአራት ባለ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር እግር ቢቆም ከእግሩ ሥር ያለው ግፊት 1,500 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ ልስኑን ሰብሮ ይገባል፣ ውሃ መከላከያውንም ይበሳዋል። በየእግሩ ሥር 20 በ20 ላሜራ ብታስበይድ ወደ 61 ይወርዳል።

ግን ላሜራው ያነሰው ግፊቱን እንጂ ኃይሉን አይደለም። ሶሌታው የሚሸከመው ያንኑ 9,810 ኒውተን ከማማው ክብደት ጋር ነው፣ መሃል ላይ ካስቀመጥከው ይጎብጣል። እግሮቹ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ፣ ቢቻል ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) አናት ላይ ይረፉ። ማማው ሲረዝም ንፋስም ይገፋዋል፣ በተለይ ሮቶው ባዶ ሲሆን፤ ስለዚህ ላሜራውን በቦልት እሰረው።

ጠያቂው
ጌጁን አሠርኩ። ተዘግቶ 0.28፣ መታጠቢያው ሲከፈት 0.06።

የመስመር_ሰው
እንግዲያው ቧንቧው ነው። ከጌት ቫልቩ ጀምር።