የለጋምቦ ገብስ ኮምቦልቻ ሲወርድ ለምን ይቸኩላል?

የጊምባ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። አባቴ ደጋው ለጋምቦ ላይ ከሚዘራው ገብስ አንድ ቁና ኮምቦልቻ አምጥቼ ከቤቴ ጀርባ ዘራሁት። ዝናብ አልጎደለበትም፣ ፍግም አልነሳሁትም። የአባቴ ገና ቅጠል ሳለ የኔው አዘረዘረ። አገዳው ቀጭን፣ ዛላው አጭር። አንዱን በመዳፌ አሽቼ እፍ ብለው ግማሹ ከገለባው ጋር በረረ። አባቴ «ዘሬን አበላሸኸው» ብሎ ተቀይሞኛል። እውነት ተበላሽቷል? ለከርሞስ ምን ላድርግ?

ሐይቅ ዳር
አብሽር ወንድም ዓለም። ፍጉን አብዝተኸው ይሆናል።

መምህሩ
ፍግ ቢበዛማ እንዲያውም ይዘገይና ይወድቅ ነበር። ሁለቱም ቦታ በ11 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ስለሆነ የቀኑ ርዝመት እኩል ነው ማለት ይቻላል። የተለየው ሙቀቱ ነው፤ 1000 ሜትር በወረድክ ቁጥር 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሲሞቅ ቶሎ ያዘረዝራል፣ ፍሬው የሚሞላበት ጊዜም ያጥራል። እፍ ስትለው የበረረው ለዚህ ነው።

ተክሉ ሙቀቱን እንዴት እንደሚያውቅ በደንብ የተጠናው አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ ነው። ፋይቶክሮም ቢ የሚባል ፕሮቲን ቀን በብርሃን ይነቃል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ያንቀላፋል። ሌሊቱ ከሞቀ ቶሎ ይተኛል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እሱ ሲተኛ ፒፍ 4 የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ይፈታና የእድገትና የአበባ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ሌላው ፕሮቲን ኢልፍ 3 ነው፤ ተክሉ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥርበት የውስጥ ሰዓት ክፍል ሆኖ ሲመሽ የፒፍ 4ን ጂን ዘግቶ ያድራል። ሲሞቅ ግን ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተሰብስቦ እንደ ጠብታ ይቋጠርና ጂኑን ይለቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይበተናል። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ።

ገብስም ኢልፍ 3 አለው። ስዊድኖች በኤክስሬይ ያገኙት ማሪ የተባለው ፈጥኖ ደራሽ ገብስ ይኸው ጂን የተበላሸበት ነው። ያንተ ገብስ ውስጥ የቱ እንደሠራ ግን ማሳ አይቶ መናገር አይቻልም። አብዛኛው ጥድፊያ ተራ ሙቀት ሊሆን ይችላል።

የደሴዋ
መምህር፣ እንግዲያ ሰዓቱ ራሱ በሙቀት ይፈጥናል ማለት ነው?

መምህሩ
አይፈጥንም እህቴ፣ ገራሚው እሱ ነው። በርዶም ሞቆም ዙሩ 24 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ባይሆንማ ቆላ ያለ ተክል ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመሽበት ነበር። ሙቀቱ የሚነካው ሰዓቱ የሚያዛቸውን ጂኖች ነው።

የቀበሌ ግብርና ሠራተኛ
ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ዘሩ አልተለወጠም፣ ያው የአባትህ ገብስ ነው፤ ለጋምቦ ብትመልሰው እንደ ቀድሞው ቀስ ብሎ ያድጋል። ችግሩ የቀጨጨ ፍሬ ደካማ ቡቃያ ነው የሚሰጥ። ስለዚህ ለዘር ከፈለግኸው በወንፊት ነፍተህ የወፈረውን ብቻ አስቀር፤ ከአባትህ ጎተራ ብትወስድ ደግሞ ይሻላል። ኮምቦልቻ ላይ ገብስ ካልሆነ ካልክ ለወይና ደጋ የሚሆን ዝርያ ጠይቅ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ሞክር። እኔ ብሆን ግን ያን ጓሮ ለጤፍ ነበር የምሰጠው።

የጊምባ ልጅ (ጠያቂ)
እድሜ ይስጣችሁ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና ሌሊቱ መሞቁን ገብሱ ያውቃል?» አለኝ። አዎ አባ፣ ያውቃል አልኩት። ቁናዬን ሳትመልስ ጎተራው አትደርስም ብሏል፤ ጤፍ ልዘራ ነው።