ባለመሳቢያ ቁም ሳጥንን ከብሎኬት ግድግዳ ጋር ለማሰር የባለሙያ ምክር እሻለሁ

የተከበራችሁ የእንጨትና የግንባታ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ቤት የምንኖር ሲሆን፣ የሁለት ዓመት ልጃችን የመኝታ ቤቱን ቁም ሳጥን መሳቢያዎች እየሳበች እንደ ደረጃ መውጣት ጀምራለች። ብዙ መሳቢያዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድልና የልጅቷም ክብደት ስለሚጨመርበት፣ ዕቃው ተገልብጦ እንዳይወድቅባት እጅግ እሰጋለሁ። ከባዱን ልብስ ወደ ታችኛው መሳቢያ አውርጃለሁ፣ ቴሌቪዥኑንም ከላዩ አንስቻለሁ፤ ዋናው መፍትሔ ግን ከግድግዳ ጋር ማሰር ነው። የተቸገርኩትም እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት በመሆኑ፣ ተራው ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ልስኑን እየፈረከሰ ይወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ የሚያስተማምነው የትኛው ፊሸር ነው? ወይስ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልቶ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ይሻላል? የቁም ሳጥኑ ጀርባ ስስ ስለሆነ፣ ማሰሪያው ብረት ከየትኛው ክፍሉ ጋር በብሎን ቢታሰር እንደሚጸና ጭምር ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።