ስለ ንጉሥ ኤድረድ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ጎደለው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልቦለድ ጀምሬ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቀጥ ብያለሁ። ባለታሪኬ ኤድረድ ነው፣ ከ946 እስከ 955 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን የገዛ የአንግሎ ሳክሰን ንጉሥ። አያቱን ታላቁ አልፍሬድን ሁሉም ያውቃል፤ እሱን ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ወንድሙ ኤድመንድ ተወግቶ ሲሞት ልጆቹ ሕፃናት ስለነበሩ ዘውዱ ለዚህ በሽተኛ ሰው ደረሰ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እኔም የጻፍኩት ሁሉ ጦርነት ሆነ። በ948 የሪፖንን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ፣ ሲመለስ የዮርክ ሰዎች የኋላ ጦሩን ፈጁበት፣ በ954 ቫይኪንጉ ኤሪክ ተባረረና የሰሜኗ ግዛት ኖርዘምብሪያ በኤድረድ እጅ ገባች። ሳነበው ዜና መዋዕል እንጂ ልቦለድ አይመስልም።

ቆሎ ተማሪ፦
ጦርነቱን ተይው ባክሽ። ሰውዬው ምግብ መዋጥ አይችልም ነበር እኮ! ጭማቂውን ይመጥና የቀረውን አኝኮ ይተፋዋል፣ አብረውት ማዕድ የሚቀርቡት መኳንንት ሆዳቸው ይገለበጣል። አዳራሽ ሙሉ ሰው እየበላ እየጠጣ፣ ግብሩን ያበላው ንጉሥ ብቻ የማይበላበትን ማታ አስቢው። እኔ ብሆን ከዚያ አዳራሽ አልወጣም።

ዝምተኛው፦
ትንሽ ቀስ እንበል። ያንን የነገረን የንጉሡን አማካሪ የቅዱስ ደንስታንን ገድል የጻፈ ካህን ነው፣ ንጉሡ ከሞተ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ። ገድል ደግሞ እንዴት እንደሚጻፍ እኛ ይጠፋናል? ለልቦለድ ግን ይበቃል። እኔን የገረመኝ ኑዛዜው ነው። ሕዝቡ ከረሀብና ከአረማውያን ጦር ራሱን እንዲቤዥበት ብሎ 1600 ፓውንድ ተወ። መዋጥ ያቃተው ሰው ስለ ሌላው ረሀብ ሲያስብ! ሁለቱን ማንም አላገናኛቸውም፣ ማገናኘት የአንቺ ሥራ ነው። ደግሞ ለአሳላፊዎቹ፣ ለልብስ ጠባቂዎቹና ለመጠጥ ቀጂዎቹ ለእያንዳንዳቸው 80 ማንከስ (የዚያ ዘመን የወርቅ መለኪያ) ወርቅ ተናዟል። አሳላፊው ያንን ሳህን በየቀኑ ያነሣ የነበረ ሰው ነው። ተራኪሽ እሱ ይሁን።

ጀማሪዋ፦
ወይ ጉድ! አሳላፊውን ከነጭራሹ አላሰብኩትም። ግን የማዕረግ ስም እያስቸገረኝ ነው። ጌቶቹን ደጃዝማች ብላቸው ያስኬዳል?

ሰንበሌጥ፦
አያስኬድም እህቴ። ደጃዝማች ባልሽ ቁጥር አንባቢሽ ጎንደር ነው የሚሄደው፣ የእንግሊዟ ዊንቸስተር የምትባል ነገር ትዝ አትለውም። «የአውራጃው ሹም» በቂ ነው። አሳላፊ ግን አሳላፊ ነው፣ የትም አገር። ሞቱንም እንዳትረሺ፦ ኅዳር 23 ቀን 955፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ፍሩም ላይ። ደንስታን ግላስተንበሪ ገዳም ያስቀመጠለትን ሀብት ይዞ ሲገሰግስ መንገድ ላይ «ንጉሡ አረፈ» የሚል ድምፅ ከሰማይ ሰማ፣ ፈረሱም እዚያው ሞቶ ወደቀ ይላል ገድሉ። ፈረሱን እኔ አስቀረው ነበር፣ ስለበዛ።

ጀማሪዋ፦
ፈረሱ ይቀራል! ማታ የጻፍኩት አዲሱ መክፈቻ ይኸው፣ ሳትራሩ ንገሩኝ፦ «ሳህኑን ሳቀርብ ማንም አያየኝም። ሳነሣው ግን አዳራሹ ሁሉ ዓይኑን ከእጄ ያሸሻል።»