የእድር የቀብር ቅጣት ይጨመር ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን በአዲስ አበባ እድሮች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ነው። ከቀብር የቀረ አባል የሚከፍለው ቅጣት በመተዳደሪያ ደንቡ ከሰፈረ ዓመታት በመቆጠራቸው፣ ዛሬ አንድ ስኒ ማኪያቶ የማይገዛበት እድር አለ። አንዳንዱ አባል ቅጣቱን ከወር መዋጮው ጋር ከፍሎ ቀብር መውጣቱን ለጎረቤት ይተዋል። ቅጣቱን ማሳደግ ትብብሩን ይመልሰዋል ወይስ ያጠፋዋል?

የእድር ጸሐፊ፦ ይጨመር ባይ ነኝ። እድር የሚፈርሰው በሰነፎቹ ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ ድንኳን ሲተክሉና ወንበር ሲያወርዱ የኖሩት ሰዎች የቀሩት ምንም እንዳልሆኑ አይተው እነሱም መቅረት ሲጀምሩ ነው። ይህ በሙከራም ታይቷል። በዙሪክ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አራት አራት ሆነው የተመደቡ ተሳታፊዎች እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ተሰጥቷቸው የፈለጉትን ያህል ለጋራ ገንዘብ እንዲያዋጡ ተጠየቁ። የተዋጣው አንድ ነጥብ ለአራቱም ለእያንዳንዳቸው 0.4 ነጥብ ስለሚያስገኝ ቡድኑ ይጠቀማል፤ አዋጪው ግን ለብቻው ሲታይ ይከስራል። ቅጣት በሌለበት መዋጮው ከዙር ዙር እያሽቆለቆለ ሲሄድ፣ መቅጣት ሲፈቀድ ግን ከፍ አለ። ለመቅጣት ከራስ ኪስ አንድ ነጥብ ማውጣት ግድ ነበር፤ የተቀጣው ሦስት ያጣል፤ ቀጪውና ተቀጪውም ዳግም በአንድ ቡድን አይገናኙም። ሰዎቹ ግን ያለ አንዳች ጥቅም ከፍለው ቀጡ።

የሕግ ባለሙያ፦ ጸሐፊው ያነሱት ሙከራ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእድሩን ነገር የሚመስለው ሌላ ነው። በእስራኤሏ ሐይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች የተካሄደና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከመዋያዎቹ በስድስቱ ልጁን ከ10 ደቂቃ በላይ አዘግይቶ የወሰደ ወላጅ 10 ሼቅል እንዲቀጣ ተወሰነ። የሚያረፍዱት ወላጆች ቁጥር በመቀነስ ፈንታ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። አስተማሪዋን ማስቆየት ቀድሞ ያሳፍር የነበረ ነገር ነው፤ ቅጣቱ ሲመጣ ግን ወላጁ ማርፈዱን እንደ አገልግሎት ገዛው። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እዚያም ቅጣቱ የሚከፈለው ከወር ክፍያው ጋር ተደምሮ ነበር፤ አወያዩ በጠቀሱት እድርም የሆነው ይኸው ነው።

የእድር ጸሐፊ፦ 10 ሼቅል ትንሽ ነበር። እርስዎ ያመጡት ምሳሌ ትንሽ ቅጣት ዋጋ እንደሚሆን እንጂ ትልቅ ቅጣት እንደማይሠራ አያሳይም። የእኔም ጥያቄ ከስም ከፍ ያለ ቅጣት ይኑር የሚል ነው።

የማኅበራዊ ጥናት መምህር፦ ሁለታችሁም ስለ ቅጣቱ መጠን ስትከራከሩ ቀጪው ማን እንደሆነ ዘለላችሁት። በ16 ከተሞች ተነጻጽሮ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ተመሳሳይ የመዋጮ ሙከራ፣ በአቴና፣ በሙስካትና በሪያድ ብዙ ተሳታፊዎች አብዝቶ ያዋጣውን ሰው ጭምር ቀጥተዋል፤ በቦስተንና በሜልቦርን ግን ይህ እምብዛም አልታየም። ምክንያቱ በቀልም ይሁን «ማን ሾመህ» ማለት፣ ቅጣቱ ሰዎች ካልተስማሙበት እጅ ሲመጣ ትብብሩን አያነሳም። በአንጻሩ በባሌ ተራሮች ደኖች በ49 የተጠቃሚ ቡድኖች ላይ ተጠንቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ሥራ ለእኛ ይቀርባል፦ «ሌላው ካዋጣ እኔም አዋጣለሁ» የሚሉ አባላት የበዙባቸው ቡድኖች ደናቸውን በተሻለ ጠብቀዋል፤ የሚጠብቁትም ጊዜያቸውን ሰውተው ጫካውን በመዞር ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገን የሚያይ ዓይን ነው፤ እድሮቻችን የደከሙት በዚህ በኩል ይመስለኛል። ስም ጥሪ ላይ ጎረቤት ለቀረው ሰው «አቤት» ብሎ ሲመልስለት ጸሐፊው ሰምቶ እንዳልሰማ ከሆነ፣ ቅጣቱ መቶ ብር ሆነ አምስት መቶ ምን ይለውጣል?

የእድር ጸሐፊ፦ «አቤት» የሚሉትን ሰዎች በየቀብሩ እሰማለሁ፤ ቀርቷል ብዬ ከመመዝገብ ይልቅ ዘመድ ላለማስቀየም ዝም የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ስለዚህ የመጀመሪያው መቅረት በማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛው በገንዘብ፣ ሦስተኛው በጉባኤ ፊት ቀርቦ በመጠየቅ ይሁን፤ ቅጣቱም ከመዋጮ ተለይቶ፣ እዚያው ሐዘንተኛው ቤት ይከፈል።

የሕግ ባለሙያ፦ በደረጃ የሚያድገውን እቀበላለሁ፤ በሐዘንተኛ ፊት ገንዘብ መቀበሉን ግን ፈጽሞ አልቀበልም፤ ልቅሶ ቤቱን የሒሳብ ቤት ያደርገዋል። ሌላም አለ፦ የሌሊት ተረኛ ነርስና ዘበኛ፣ የታመመ አዛውንት ምን ይሁኑ? ገንዘብ የሚከፍሉት ምቹ ሥራ ያላቸው ናቸው፤ በጉባኤ ፊት የሚቆሙት ግን እነዚህ ይሆናሉ።

የእድር ጸሐፊ፦ ለተረኛና ለበሽተኛ ፈቃድ ደንቡ ላይ ዛሬም አለ፤ ፈቃዱን ግን ቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ ማን እንደጠየቀና ማን እንዳልጠየቀ በስም ጥሪው ደብተር ላይ ይታያል። የክፍያ ቦታውን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ በወሩ ስብሰባ ይሁን።