ዕጢው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፤ የዓይኗ ደም ሥር ለምን ፎቶ ይነሳል?

ልብስ ሰፊው፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ነገሩ የታላቅ እህቴ ነው፤ ዕድሜዋ 39 ነው። ያወቅነው ቡና ስታፈላ ነው። ረከቦቱ መሀል ያሉትን ስኒዎች አስተካክላ ትሞላለች፤ ዳር ያሉትን ግን በቀኝም በግራም በክንዷ ትጥላለች። «እትዬ ምነው?» ስላት «ቸኩዬ ነው» ትላለች። እሷ ደግሞ በረካውን እንኳ በእርጋታ ካልሆነ የማትቀዳ ሰው ናት!

ሁለት ጊዜ መነጽር ታዘዘላት፤ ለውጥ የለም። አዲስ አበባ ወስጃት በኤምአርአይ ሲታይ ፒቱታሪ በምትባለው፣ ከአንጎል ሥር ባለችው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ላይ ዕጢ በቅሏል ተባለ። አማርኛችን ለጤነኛውም ለበሽታውም አንድ ስም መስጠቱ ቤቱን አተራመሰው፤ እናታችን «እኔስ አለብኝ?» ብትል ሐኪሙ «ሁሉም ሰው አለው» ብሎ አስደነገጣት።

አሁን ደግሞ የዓይን ደም ሥር ፎቶ የሚያነሳ «ኦሲቲ አንጂዮግራፊ» ታዟል። እንደገና የአንድ ቀን መንገድ፣ እንደገና ወጪ። እውነት ያስፈልጋል?

የዓይን ባለሙያ፣ ከደሴ፦
አብሽር ወንድሜ። የሁለቱ ዓይን ነርቮች የሚገናኙት ከፒቱታሪ በላይ ነው፤ ከየዓይኑ የዳር ዳሩን እይታ የሚሸከሙት ክሮች እዚያ ይሻገራሉ። ዕጢው ከታች ሲገፋ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። መነጽር ስትለካ ያነበበችው ሰሌዳ ፊት ለፊቷ ነበር፤ የስኒዎቹን ነገር ሊያሳይ አይችልም።

ክሮቹ የሚነሱት ከሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጨመቁ ወደ መነሻቸው እየሞቱ ይመጣሉ። በጤነኛ ሰው በአማካይ 100 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ) ገደማ የሚሆነው የክሮቹ ንብርብር ይሳሳል፤ ቀጫጭን ደም ሥሮቹም አብረው ይመነምናሉ። ኤምአርአይ ዕጢው የት እንደደረሰ ያሳያል፤ የዓይን ምስሉ ከነርቩ ምን ያህል እንደተረፈ ይነግራል። ንብርብሩ ካልሳሳ፣ ዕጢው ሲወጣ እይታዋ የመመለሱ ተስፋ ሰፊ ነው።

ቀለም በመርፌ አይሰጣትም። መሣሪያው አንዱን ቦታ በብርሃን ደጋግሞ ያነሳና በምስሎቹ መካከል የተለወጠውን፣ ማለትም የሚፈሰውን ደም ይለያል። አገጯን አሳርፋ ጥቂት ሰከንድ ሳትንቀሳቀስ መቀመጥ ነው።

ገንዘብ ካጠረ ግን የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ብርሃን ባየች ቁጥር ቁልፍ የምትጫንበት የእይታ ስፋት ምርመራ ይቅደም፤ ቀጥሎ ውፍረት የሚለካው ተራው ኦሲቲ። የደም ሥሩ ምስል እነዚህን ያግዛል እንጂ አይተካም። ሐኪሟን «ውጤቱ ውሳኔህን ይለውጠዋል ወይ?» ብለህ ጠይቀው፤ አይቀየምህም።

የወልድያዋ፦
ወንድሜ፣ የወር አበባዋስ? የእኔው ቆሞ፣ ሳልወልድ ጡቴ ወተት ያወጣ ነበር። እኔም ፒቱታሪዬ ላይ ዕጢ ነበረኝ፤ ጡት ወተት እንዲሠራ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ በደም ሲለካ ሰማይ ነክቶ ተገኘ። ካበርጎሊን የሚባል ክኒን በሳምንት ሁለት ቀን እየዋጥሁ ቢላ ሳይነካኝ ዕጢው ሟሸሸ። ሁሉም ዕጢ ግን እንዲህ አይደለም፤ የደሙን ውጤት ሳታዩ ስለ ቀዶ ሕክምና አትቁረጡ።

ልብስ ሰፊው፣ ከኮምቦልቻ፦
ለእህት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ለእኔ ከባድ ነው፤ ባለቤቴን ላክሁ። ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ «ዕድሜ ነው» ብላ ትታው ኖሯል። በ37 ዓመቷ! የፕሮላክቲን ምርመራ ደሴ ይገኛል?

የዓይን ባለሙያ፣ ከደሴ፦
ነገ ይዘሃት ና፤ የሚሠሩበትን ቦታ አሳይሃለሁ። እስከዚያ እይታዋ በድንገት ቢወርድ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ቢመጣባት ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።