ጥቆማ፦ ለሚደማ ድድ ጎንደር ውስጥ ጥርስ የት ማሳጠብ ይሻላል?

ቀበሌ 18፦ ሰላም የአገሬ ልጆች። እናቴ ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ይደማል። ስኳር አለባት፣ ድዷም የተነቀሰ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ይሻላል ወይስ ፒያሳ አካባቢ ያሉት የግል ክሊኒኮች? ለቤት የሚሆን ብሩሽና መጉመጥመጫም ጠቁሙኝ።

ማራኪ፦ ከቦታው በፊት አሠራሩን ጠይቂ እህቴ። መጀመሪያ ድዱን ይለካሉ ወይ? ሚሊሜትር የተቀረጸበት ቀጭን መለኪያ አለ፤ በድዱና በጥርሱ መሃል እያስገቡ አንዱን ጥርስ ዙሪያውን ስድስት ቦታ ይለኩበታል። ከ1 እስከ 3 ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከደማ ላይ ላዩን ማጠብ አይበቃም፣ ከድዱ ሥር መጽዳት አለበት። አጥንቱ መውረዱን የሚያሳየው ደግሞ ራጅ ነው። መሣሪያው በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም በሚገድለው ማሽን) ተቀቅሎ፣ ከታሸገ ከረጢት ፊትሽ ተቀድዶ መውጣት አለበት። «በአልኮል ጠርገነዋል» ካሉሽ ነጠላሽን አንሥተሽ ውጪ። ንቅሳቱን አትርሺ፦ የተነቀሰ ድድ ቢቀላም አያሳይም። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» የሚልሽን አትመኚ፤ ሲነካ መድማቱ ነው ምልክቱ።

አፄዎቹ፦ ከማሳጠብ ተጠንቀቁ! አንድ ክሊኒክ (ስሙን አልጠራም) አጥበውኝ ስወጣ ጥርሴ መሃል ክፍተት፣ ታችኞቹም መነቃነቅ። ከፍዬ ነው ያበላሸሁት።

አዘዞ፦ እኮ! ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

አፄዎቹ፦ ይኸው! ብቻዬን አይደለሁም።

ማራኪ፦ ክፍተቱን የሠራው ማሽኑ አይደለም ወንድሜ። ድድና አጥንት ሲሸሽ ባዶውን ታርታር (ጥርስ ላይ የደነደነ ቆሻሻ) ይሞላዋል። ግንብ ላይ የተመረገ ጭቃ ሲረግፍ ቀዳዳው እንደሚታየው ማለት ነው፤ ቀዳዳው ድሮም ነበረ። መነቃነቁም ቆሻሻው ጥርሶቹን አጣብቆ ይዞ ስለነበር ነው፣ ድዱ ሲጠግግ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተመልሶ መለካት ግዴታ ነው። ያንን ቀጠሮ ካልሰጡህ ቅሬታህ እዚያ ላይ ይሁን።

አፄዎቹ፦ ቀጠሮ የሚባል ነገር አልሰጡኝም።

ሳሙና በር፦ ባለሙያ የሚያበላሽበት መንገድም አለ እንጂ። የማሽኑ ጫፍ በጥርሱ ጎን ተኝቶ ነው መሄድ ያለበት፤ ቀጥ ብሎ ከወጋ ሥሩን ይቧጭራል። ውሃ ካልፈሰሰበት ደግሞ ይግላል፣ ጥርሱን ከውስጥ ይጎዳል። የጎንደር ውሃ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ በፈረቃ ነው። ማሽኑ የራሱ የውሃ ጠርሙስ እንዳለውና በምን ውሃ እንደሚሞሉት ጠይቁ። ውሃ ከሌለ በእጅ መሣሪያ ይሥሩ ወይም ሌላ ቀን ይቅጠሩ።

ቅዳሜ ገበያ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ገበያው መግቢያ ላይ ልምጭ የሚሸጡት እማማ እያሉ ክሊኒክ ምን ይሠራል? የእሳቸውን መፋቂያ የያዘ ሰው ድዱ አይደማም።

ሳሙና በር፦ እማማ ራጅም ያነሣሉ?

ቅዳሜ ገበያ፦ ሳቅ። የእሳቸው ደንበኞች ሁሉ ጥርሳቸው ወተት ነው።

ጃንተከል፦ መፋቂያውን አትናቁት፣ አያያዙ ነው። እርጥብ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ይሁን። ጫፉን ልጦ ክር ክር እስኪል ማኘክ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ መጥረግ። በደረቅ እንጨት አግድም የሚሞርድ ሰው ድዱን ያሸሻል፣ የጥርሱን አንገት ይቦረቡራል። ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጦ መጣል ነው። በምላስ በኩል ያለውን ጎን ሁሉም ይረሳዋል፤ የታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ታርታር የሚከመረውም እዚያው ነው። አንዴ ከደነደነ መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም።

አራዳ፦ ከሴንሶዳይን ሌላ የጥርስ ሳሙና አትግዙ። አለቀ።

ጃንተከል፦ እሱ ቀዝቃዛ ለሚያመው ጥርስ ነው፣ የተጠየቀው ስለሚደማ ድድ። ሳሙናው ፍሎራይድ ይኑረው እንጂ ድዱን የሚያድነው ብሩሹ ነው። ለስላሳ የሚል ተጽፎበት ግዢ፤ ጸጉሩን 45 ዲግሪ ወደ ድዱ አዘንብሎ ባጭር ባጭሩ 2 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። በጥርስ መሃል ክር ወይም ትንሿ የመሃል ብሩሽ፤ ስቴኪኒ ድድ ይወጋል። ደማ ብሎ መተው ነው ትልቁ ስሕተት፣ የሚደማው ስላልጸዳ ነው።

አራዳ፦ እኔ ሴንሶዳይን ነው ያልኩት።

መድኃኒት ቤት፦ መጉመጥመጫ ክሎርሄክሲዲን ነው። 0.2 በመቶ ከሆነ 10 ሚሊ ለ1 ደቂቃ፣ 0.12 ከሆነ 15 ሚሊ ለ30 ሰከንድ፣ በቀን ሁለቴ፣ ከ2 ሳምንት ሳያልፍ። ከጥርስ ሳሙናው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይራራቅ፣ አለዚያ ሳሙናው ያከሽፈዋል። ጥርስ ያጠቁራል፤ ቡናና ሻይ የሚያበዛ ሰው ላይ ይብሳል። ሜትሮኒዳዞል (ጀርም የሚገድል ኪኒን) ስጡኝ ብሎ የሚመጣም አለ። ታርታሩ እያለ ኪኒን ብቻውን ለጊዜው አስታግሶ ይመለሳል፣ ከጠላና ከአረቄ ጋርም አይሄድም።

አዘዞ፦ የወርቅ ጥርስ የሚያስገባ ካለ በዚያው ጠቁሙኝ።

ማራኪ፦ ቀበሌ 18፣ የእናትሽ ስኳር ከፍ ካለ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ድዱ ሲታመም ደግሞ ስኳሩ አልቆጣጠር ይላል። የቅርብ ውጤቷን ያዢ። ቁርሷን በልታ መድኃኒቷን ወስዳ ጠዋት ትግባ፣ በባዶ ሆድ እንዳትወስጃት። ደም ማቅጠኛ ከወሰደች ወይም የልብ በር ችግር ካለባት ሳይነኳት በፊት ተናገሪ። ሆስፒታሉ ወረፋ አለው፣ ተማሪም ሊሠራት ይችላል፤ ግን የስኳር ሐኪሙም እዚያው ግቢ ነው። የግሉ ይፈጥናል። የትም ብትሄዱ መጀመሪያ ላይ በየ3 ወሩ ትታይ።

ቀበሌ 18፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ልምጭ የሚሸጡት እማማ በየት በኩል ነው የሚቀመጡት? እናቴ ጠይቂልኝ ብላ ነው።

ቅዳሜ ገበያ፦ ከሽንኩርት ተራው በላይ። እርጥቡ ጠዋት ነው የሚገኘው።